ሽንፈታቸው ከድላቸው የበዛ፣ ደጋፊዎች ግን ያልረሷቸው መምህር

በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ ሎረንስ በምትባል ከተማ፣ የብርዱ ወራት በገባ ቁጥር አንድ የቆየ ልማድ ይደገማል። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቡድን በቡድን ሆነው፣ ብርድ ልብሳቸውንና መጻሕፍታቸውን ይዘው፣ የዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ቡድን በሚጫወትበት አዳራሽ መተላለፊያዎች ውስጥ ለቀናት ተራ ይጠብቃሉ። ጨዋታው በሚካሄድበት ዕለት አያቶች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይመጣሉ። የተጋጣሚው ቡድን ተጫዋቾች ስም ሲጠራ ተማሪዎቹ ጋዜጣ ዘርግተው ያነቡ ይመስላሉ፤ የራሳቸው ቡድን ሲገባ ያንኑ ጋዜጣ ቀዳደው ወደ ላይ ይበትኑታል። ድል የቀናቸው እንደሆነም፣ ቅርጫት ኳስ ራሱ ከመፈጠሩ በፊት በ1886 አንድ የኬሚስትሪ መምህር ያስጀመሩትን መፈክር፣ ከጩኸት ይልቅ እንጉርጉሮ በሚመስል ዝግ ያለ ዜማ ያሰሙታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አዳራሹ በ1955 የተከፈተ ሲሆን ለዓመታት 16,300 ተመልካች ይይዝ ነበር። ስሙ የታላቁ አሰልጣኝ የፎረስት አለን መታሰቢያ ነው። ተጫዋቾቹ የሚሮጡበት ሜዳና አዳራሹ የቆመበት ጎዳና ግን በሌላ ሰው ስም ይጠራሉ፤ በዶክተር ጄምስ ኔይስሚዝ። ነገሩን ለማያውቅ እንግዳ ይህ ግር ሊለው ይችላል። ካንሳስ ከመቶ ሃያ ዓመት በሚበልጠው የጨዋታ ታሪኩ የነበሩት አሰልጣኞች ስምንት ብቻ ናቸው፤ ከስምንቱ መካከል ሽንፈታቸው ከድላቸው የበዛው ኔይስሚዝ ብቻ ናቸው። 55 ጊዜ አሸንፈው 60 ጊዜ ተሸንፈዋል። ሁለት የከሸፉ የውድድር ዘመኖች ያሳለፈ አሰልጣኝ ሻንጣውን በሚሸክፍበት የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ዓለም፣ ደጋፊው ትውልድ ተሻግሮ የሚያከብረው ይህን ሰው መሆኑ ሊጤን የሚገባው ጉዳይ ነው።

ኔይስሚዝ የተወለዱት በኅዳር ወር 1861 በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ በአልሞንት አቅራቢያ፣ ከስኮትላንድ ከፈለሱ ወላጆች ነው። በ1870 ገና ትንሽ ልጅ ሳሉ የታይፎይድ በሽታ አባታቸውንና እናታቸውን በሳምንታት ልዩነት ወሰደባቸው። በአያትና በአጎት እጅ አደጉ። በአሥራዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ ትምህርታቸውን አቋርጠው በደን ውስጥ እንጨት ቆራጭ ሆነው ሠሩ፤ ከዓመታት በኋላ ከእነርሱ በዕድሜ ከሚያንሱ ልጆች ጋር ተቀምጠው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ጨረሱ።

ከዚያ የልጅነት ዘመን አንድ ጨዋታ መጠቀስ አለበት። የመንደሩ ልጆች ከአንጥረኛው ቤት ጀርባ በሚገኝ ትልቅ ቋጥኝ ላይ ትንሽ ድንጋይ ያስቀምጡና ከሩቅ በድንጋይ እየወረወሩ ለመጣል ይሽቀዳደሙ ነበር። በኃይል የወረወረ ልጅ ዒላማውን ሲስት ድንጋዩ ርቆ ይሄድበታል፤ ሮጦ እስኪያመጣውም ይቀደማል። ወደ ላይ አቅንቶ በለስላሳው የወረወረ ግን ድንጋዩ ከቋጥኙ አጠገብ ይወድቅለታል። ኔይስሚዝ ይህን ለሃያ ዓመት ያህል በልባቸው ይዘውት ቆዩ።

በሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1890 የነገረ መለኮት ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። በዩኒቨርሲቲው ራግቢና ላክሮስ ተጫዋች፣ ጂምናስቲክም ሠሪ ነበሩ። በዚያ ዘመን ለሃይማኖት አገልግሎት የታጨ ሰው በጭቃ ሜዳ ላይ ሲታገል መታየቱ ነውር ነበር። እሳቸው ግን የወጣትን ጠባይ ከመድረክ ስብከት ይልቅ በጨዋታ ሜዳ መቅረጽ ይቻላል ብለው ስላመኑ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወወክማ በሚል አኅጽሮት የምናውቀው የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር መምህራኑን ወደሚያሰለጥንበት፣ ማሳቹሴትስ ግዛት ስፕሪንግፊልድ ወደሚገኘው ትምህርት ቤት ሄዱ።

በ1891 መገባደጃ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሉተር ጉሊክ አንድ አስቸጋሪ ክፍል ሰጧቸው። አሥራ ስምንት ጎልማሶች ናቸው፤ ብርዱ ከሜዳ አስወጥቷቸው በአዳራሽ ውስጥ የሚደረገው ሰልፍና ጂምናስቲክ ያሰለቻቸው። ከእሳቸው በፊት ሁለት መምህራን ሞክረው ተስፋ ቆርጠዋል። ለኔይስሚዝ የተሰጣቸው ጊዜ ሁለት ሳምንት ነበር። እግር ኳሱንም፣ ራግቢውንም፣ ላክሮሱንም ወደ አዳራሽ አስገብተው ሞከሩ፤ ትርፉ ጉዳትና ጭቅጭቅ ሆነ። ቀኑ ሊያልቅ ሲል ነገሩን ከሥሩ መረመሩት። ሰው ሰውን የሚጥለው ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ለማስቆም ነው፤ እንግዲያው ኳስ ይዞ መሮጥ ይከልከል። ግቡ መሬት ላይ ከሆነ በኃይል መምታት አይቀርም፤ እንግዲያው ግቡ ከራስ በላይ ይሁን። ያን ጊዜ ነው የቋጥኙ ጨዋታ የታወሳቸው።

የሕንጻውን ጠባቂ ሁለት ሣጥን ጠየቁ። ሣጥን ጠፋ፤ ጠባቂው ሁለት የኮክ ፍሬ ቅርጫቶች አመጣ። ሣጥኑ ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጨዋታው በምን ስም እንደሚጠራ መገመት ያስቸግራል። ቅርጫቶቹ በአዳራሹ ሰገነት ዙሪያ ባለው አጥር ላይ፣ ከመሬት አሥር ጫማ ከፍ ብለው ተቸነከሩ፤ ያ ከፍታ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። አሥራ ሦስት ሕጎች በሁለት ገጽ ተተይበው ተለጠፉ። ታኅሣሥ 21 ቀን 1891 ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው በእግር ኳስ ኳስ ተጫወቱ፤ በጠቅላላው የገባው ግብ አንድ ብቻ ነበር። በማግሥቱ መጋቢት ተማሪዎችና መምህራን ሕዝብ በተገኘበት ሲገጥሙ መምህራኑ 5 ለ 1 ተሸነፉ። ኔይስሚዝ ከመጀመሪያው ለሽንፈት እንግዳ አልነበሩም ማለት ነው።

ሕጎቹን ያነበበ ሰው ደራሲያቸው ምን እንዳሳሰበው ለመረዳት አይቸገርም። አብዛኞቹ ስለ ግብ ሳይሆን ስለ ጥፋት ናቸው፤ መግፋት፣ መያዝ፣ መጥለፍ፣ መምታት ክልክል ነው። ሁለተኛ ያጠፋ ቀጣዩ ግብ እስኪገባ ይወጣል፤ ሆን ብሎ ጉዳት ያደረሰ ተተኪ ሳይኖረው እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ይታገዳል። ጨዋታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ድንበር ተሻገረ። ኔይስሚዝ ግን የባለቤትነት መብት አላስመዘገቡም፤ ከፈጠራቸውም ሀብት አላፈሩም።

በ1894 ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተጫዋቾች አንዷ የነበሩትን ሞድ ሸርማንን አገቡ። ከዚያም ዴንቨር ከተማ እየሠሩ ሕክምና ተምረው በ1898 በሐኪምነት ተመረቁ። በዚያው ዓመት የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት መምህርም የጸሎት መሪም የሚሆን ሰው ይፈልግ ነበር። ከስፕሪንግፊልድ ዘመን ጀምሮ የሚያውቋቸው አሎንዞ ስታግ በቴሌግራም ሲጠቁሟቸው፣ የጨዋታው ፈጣሪ መሆናቸውን ብቻ ሳይሆን ሐኪምነታቸውን፣ መጠጥና ሲጋራ የማይቀምሱ መሆናቸውንም ጭምር ገልጸው ነበር። ዩኒቨርሲቲው የቀጠረው አሰልጣኝ አልነበረም፤ ቡድኑ የመጣው እሳቸውን ተከትሎ ነው።

የካንሳስ የመጀመሪያ ጨዋታ የካቲት 3 ቀን 1899 ተደረገ፤ ተጋጣሚው የካንሳስ ሲቲ ወወክማ ነበር፤ ውጤቱም 16 ለ 5 ሽንፈት። ቡድኑ የረባ አዳራሽ ያገኘው በ1907፣ ኔይስሚዝ አሰልጣኝነቱን በለቀቁበት ዓመት ነው። እሳቸው ራሳቸው ዳኛ ሆነው የሚያጫውቱበት ጊዜ ነበር፤ ልባቸውም ይበልጥ ወደ ጂምናስቲክ፣ ወደ ትግልና ወደ ሻሞላ ያደላ ነበር። ደቀ መዝሙራቸው ፎረስት አለን በሌላ ኮሌጅ ለማሰልጠን ጥሪ እንደቀረበላቸው ሲነግሯቸው፣ ይህ ጨዋታ የሚጫወቱት እንጂ የሚያሰለጥኑት አይደለም ብለው እንደተገረሙ ይተረካል። አለን ምክሩን አልሰሙም። መምህራቸውን ተክተው ለካንሳስ 590 ድሎችን አስመዘገቡ፤ በ1952 የአገሪቱን የኮሌጆች ዋንጫ አመጡ። ከእሳቸው እጅ የወጡት አዶልፍ ራፕ በኬንታኪ፣ ዲን ስሚዝ በሰሜን ካሮላይና ስመ ጥር ሆኑ። የካንሳስ ደጋፊ የተቀናቃኞቹን ገድል ሲሰማ እንኳ ምንጩ ከሎረንስ ነው ብሎ ራሱን የሚያጽናናው ለዚህ ነው፤ አባባሉም ከእውነት የራቀ አይደለም።

በእኔ ዕይታ ግን የኔይስሚዝ የካንሳስ ዘመን ትልቁ ምዕራፍ የተጻፈው አሰልጣኝነቱን ካቆሙ ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በ1933 ጆን ማክሌንደን የተባለ ጥቁር ወጣት አሰልጣኝ ለመሆን ተመኝቶ ወደ ዩኒቨርሲቲው መጣ። አባቱ የጨዋታውን ፈጣሪ ፈልጎ አማካሪው እንዲያደርጋቸው መክሮት ነበርና በቀጥታ ወደ ኔይስሚዝ ቢሮ ሄደ፤ ሽማግሌው መምህርም ተቀበሉት። ዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተማሪ ያስተምራል፤ በቅርጫት ኳስ ቡድኑ ግን አያሰልፍም። ይህ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ አልተለወጠም። ማክሌንደን ጨዋታውን ከፈጠሩት ሰው እግር ሥር ተቀምጦ ሲማር፣ ያንኑ ጨዋታ ለገዛ ዩኒቨርሲቲው መጫወት አልቻለም። ኔይስሚዝ ደንቡን አልሻሩትም። ዕውቀታቸውን ግን አልነፈጉትም፤ በ1936 እስኪመረቅ አልተለዩትም። ማክሌንደን በኋላ በጥቁሮች ኮሌጆች አሰልጣኝ ሆኖ የፈጣን ማጥቃት ስልትን ካሳደጉት አንዱ ሆነ፤ ከ1957 እስከ 1959 በተከታታይ ሦስት የአገር አቀፍ ዋንጫዎችን ወሰደ። ከአለን ዋንጫዎች ጎን ይህም የኔይስሚዝ ፍሬ ሆኖ ሊቆጠር ይገባል። የካንሳስ ደጋፊ ትዝታውን ሲያወሳ ያልተሰለፈውን ልጅ ከዘነጋ ትዝታው ጎደሎ ነው።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኔይስሚዝ ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው ወታደሮችን በማጽናናትና በስፖርት በማነቃቃት አገለገሉ። በ1925 የአሜሪካ ዜግነት አገኙ። በ1936 ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በበርሊን ኦሊምፒክ ሲገባ የጉዞ ወጪያቸውን የሸፈኑት ገንዘብ ያዋጡላቸው የአሜሪካ አሰልጣኞች ናቸው። ከተሰለፉት አገሮች መካከል ግብፅና ቱርክ ነበሩ፤ ከስፕሪንግፊልድ አዳራሽ የወጣው ጨዋታ በአርባ አምስት ዓመት ውስጥ የእኛንም አካባቢ ደርሶ ነበር። የፍጻሜው ግጥሚያ በገላጣ ሜዳ፣ በዝናብ መካከል ተደረገ። ኳሷ ጭቃ ላይ አልነጥር እያለች አሜሪካ ካናዳን 19 ለ 8 አሸነፈች። የትውልድ አገራቸውና የዜግነት አገራቸው ሲገጥሙ ያዩት አዛውንት ሜዳልያውን በእጃቸው ሰጡ።

በ1937 ባለቤታቸውን በሞት ተነጠቁ፤ በዚያው ዓመት ጡረታ ወጡ። ኅዳር 28 ቀን 1939 በ78 ዓመታቸው ሎረንስ ውስጥ አረፉ፤ የተቀበሩትም እዚያው ነው። ስለ ጨዋታው አመጣጥ የጻፉት መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ በኋላ፣ በ1941 ነው።

ደጋፊው ከእሳቸው የወረሰው ምንድን ነው? ምናልባት የተሸነፈን አለመጣልን። በ1957 ዊልት ቻምበርሌን የተሰለፈበት የካንሳስ ቡድን በፍጻሜው ጨዋታ ከሦስት ተጨማሪ ሰዓት በኋላ በአንዲት ነጥብ፣ 54 ለ 53 ተሸነፈ። ቻምበርሌን በቀጣዩ ዓመት ዩኒቨርሲቲውን ለቆ ሄደ፤ ደጋፊውን ያሳፈረ ስለመሰለው ለረጅም ዘመን ከሎረንስ ራቀ። በጥር 1998 ማልያው በክብር ሲሰቀል የተማሪነት ጃኬቱን ለብሶ መጣ። ያን ሽንፈት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎችና ገና ያልተወለዱ የነበሩ ተማሪዎች አብረው ቆመው አጨበጨቡለት። እሱም ከጨዋታው በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጦ ለተሰለፈው ሁሉ ፈረመ። በማግሥቱ ዓመት አረፈ።

አሥራ ሦስቱ ሕጎች የተተየቡባቸው ሁለት ገጾች ደግሞ በኔይስሚዝ ቤተሰብ እጅ ቆይተው በታኅሣሥ 2010 ኒውዮርክ ውስጥ ለጨረታ ቀረቡ። ወሬውን የሰማ፣ በዚያው በኒውዮርክ የሚኖር አንድ የካንሳስ ደጋፊ፣ ወረቀቱ ከሎረንስ ውጭ ማደሩ እንቅልፍ ነሳው። ራሱ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም፤ ያለው ስልክና ትዝታ ነው። ባለጸጋ የሆኑ የዩኒቨርሲቲውን ምሩቃን እየፈለገ ለመነ። በመጨረሻም ዴቪድ ቡዝ የተባሉ፣ በልጅነታቸው ሎረንስ ውስጥ በኔይስሚዝ ስም በተሰየመው ጎዳና ላይ ያደጉ ባለሀብት 4,338,500 ዶላር ከፍለው ገዙት። በዚያው ዕለት በዚያው ጨረታ፣ ሊንከን የፈረሙበት የባሮች ነፃነት አዋጅ ቅጂ ከዚህ ባነሰ ዋጋ ተሸጧል፤ ማክሌንደን በሕይወት ኖሮ ቢሰማ ምን ይል ነበር ያሰኛል።

ገጾቹ ከ2016 ጀምሮ ከአዳራሹ ጋር በድልድይ በተያያዘ ሕንጻ ውስጥ ተቀምጠዋል። ደጋፊዎች ወደ ጨዋታው ከመግባታቸው በፊት ልጆቻቸውን ይዘው በመስታወቱ ፊት ይቆማሉ። በወረቀቱ ግርጌ ኔይስሚዝ በራሳቸው የእጅ ጽሕፈት፣ ይህ የሕጎቹ የመጀመሪያ ረቂቅ እንደሆነና ልጆቹ አንብበው እንዲማሩት አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሎ እንደነበር አስፍረዋል።