ቤንጃሚን ባኔከር፦ የተጻፈውን ቃል የጠየቀ ሰው

ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሰው የሰፈራችን ሰው ነው ማለት ይቻላል። አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ በዊልሰን ድልድይ ሥር ያለውን ጆንስ ፖይንት ፓርክን ታውቁታላችሁ። የዋሽንግተን ዲሲ የመጀመሪያው የድንበር ድንጋይ የተተከለው እዚያ ነው። የሰሜኑ ማዕዘን ድንጋይ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ኢስት ዌስት ሀይዌይ አጠገብ ይገኛል። ይህን ድንበር የመለካት ሥራ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ ቤንጃሚን ባኔከር ይባላል።

ባኔከር እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1731 በሜሪላንድ፣ በባልቲሞር አካባቢ ተወለደ። በዚያን ጊዜ እዚያ አገር አብዛኞቹ ጥቁሮች ባሪያዎች ነበሩ። የሱ አባት ግን በባርነት ኖሮ ነፃ የወጣ ሰው ነበር፤ እናቱም ነፃ ነበረች። ቤተሰቡ በራሱ መሬት ላይ ትምባሆ ያርስ ነበር። ቤንጃሚን ብዙ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ሒሳብ ግን በጣም ይወድ ነበር። በ20ዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ላይ ከእንጨት ጠርቦ ሰዓት ሠራ። ያ ሰዓት ለብዙ ዓመታት ሠርቷል!

ዕድሜው ወደ 60 ሲጠጋ ደግሞ አንድ ጎረቤቱ የሥነ ፈለክ መጻሕፍትና ቴሌስኮፕ አዋሰው። አስተማሪ ሳይኖረው ሌሊት ሌሊት ከዋክብትን እያየ፣ ቀን እያሰላ፣ ፀሐይና ጨረቃ መቼ እንደሚጋረዱ ማወቅ ቻለ። በኋላም አልማናክ አዘጋጀ። የኛ ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ በዓላትንና አጽዋማትን እንደሚያሰሉት፣ አልማናክም የዓመቱን ቀናት፣ የፀሐይንና የጨረቃን ሁኔታ ቆጥሮ የሚያስቀምጥ መጽሐፍ ነው።

በ1791 አዲሱ ዋና ከተማ ሲለካ፣ መሪው አንድሩ ኤሊኮት ባኔከርን ቀጠረው። ባኔከር ያኔ 59 ዓመቱ ነበር። በብርድ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ሌሊት ከዋክብትን ይመለከትና ይመዘግብ ነበር። የመጀመሪያው ድንጋይ አፕሪል 15 ቀን ተተከለ። ባኔከር ሦስት ወር ያህል ሠርቶ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ሌሎቹ ሥራውን ቀጥለው 40 ድንጋዮች በየአንድ ማይሉ ተተከሉ። አሌክሳንድሪያም ያኔ በድንበሩ ውስጥ ነበረች፤ ወደ ቨርጂኒያ የተመለሰችው በ1847 ነው።

ልጆች፣ ትልቁ ቁም ነገር ግን ከድንጋዩ ይልቅ ደብዳቤው ነው። በዚያው ዓመት፣ ኦገስት 19 ቀን፣ ባኔከር ለቶማስ ጄፈርሰን ደብዳቤ ጻፈ። ጄፈርሰን ያኔ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበር። ጁላይ 4 ቀን 1776 የጸደቀውን የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ ያረቀቀውም እሱ ነው። መግለጫው ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ እንደተፈጠረ ይናገራል። ጄፈርሰን ራሱ ግን በዕድሜው ሙሉ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። በመጽሐፉም ጥቁሮች በማሰብ ችሎታ ከነጮች ሳያንሱ አይቀሩም ብሎ ጽፎ ነበር።

ባኔከር ምን አደረገ መሰላችሁ? አልተሳደበም። የጄፈርሰንን የራሱን ቃል መልሶ ለጄፈርሰን አስነበበው። አሜሪካኖች በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር ሳሉ የነፃነትን ዋጋ አውቀው እንደነበር አስታወሰውና፣ እነሱው መልሰው ሰውን በባርነት መያዛቸው እንዴት እንደሆነ ጠየቀው። በእጁ የጻፈውን አልማናክም አብሮ ላከለት። ጥቁር ሰው ማሰብ ይችላል ወይ ለሚለው መልሱ ያ ነበረ።

ጄፈርሰን ኦገስት 30 ቀን በትሕትና መለሰለት፤ አልማናኩንም ፓሪስ ላለው የሳይንስ አካዳሚ ላከው። ባሪያዎቹን ግን ከጥቂቶች በቀር አልለቀቀም። ታዲያ ደብዳቤው ከንቱ ቀረ? አልቀረም። በ1792 ታትሞ ብዙ ሰው አነበበው። ባርነት በመላ አገሪቱ በሕግ የተከለከለው በ1865 ነው። በ1963 ደግሞ ማርቲን ሉተር ኪንግ እዚሁ ዋሽንግተን ቆሞ፣ ያ የነፃነት ቃል ለጥቁሮች ያልተከፈለ ዕዳ እንደሆነ ተናገረ።

እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በኛ ሥራ በወረቀት የሰፈረ ዕዳ ባለዕዳው ስለዘገየ ብቻ አይሰረዝም። ነገር ግን ወረቀቱን አንብቦ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። የአገር መመሥረቻ ሰነድም እንደዚሁ ነው። ባኔከር አንብቦ ጠየቀ።

ባኔከር በኦክቶበር 1806 አረፈ። በቀብሩ ዕለት ቤቱ ተቃጥሎ፣ ያ የእንጨት ሰዓቱ አብሮ ጠፋ። ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። የነፃነት መግለጫውንም ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቃሉ ግን ለናንተም ጭምር የተጻፈ ነውና ማንበብ ልመዱ።

አዳዲስ ቃላት
ሥነ ፈለክ፦ ስለ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት የሚያጠና ትምህርት
አረቀቀ፦ አንድን ጽሑፍ መጀመሪያ አዘጋጀ
ሰነድ፦ ለማስረጃ የሚቀመጥ ጽሑፍ

ጥያቄዎች
1. የዋሽንግተን የመጀመሪያው የድንበር ድንጋይ የት ተተከለ?
2. ባኔከር ከደብዳቤው ጋር ምን ላከ? ለምን?
3. ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያገኘችው በ1923 ዓ.ም. ነው። ሕገ መንግሥት ለአገር ምን እንደሚጠቅም ወላጆቻችሁን ጠይቁና በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኑ።