በሐዘን የተቃኘች በገና
የልበ አምላክ የቅዱስ ዳዊት ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከበሮው ያርፋል፤ ጸናጽሉም ይቀመጣል። በገና ግን ከተሰቀለችበት ትወርዳለች። ለምን ይመስላችኋል? ነገሩ ማዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝምታው ራሱ በበቃን ነበር። አባቶቻችን ግን ሐዘንን አፍኖ ከመያዝ በእግዚአብሔር ፊት ማሰማት እንደሚሻል ከአንድ ሰው ተምረዋል። እርሱም ልበ አምላክ ቅዱስ ዳዊት ነው። እስቲ ሕይወቱን አብረን እንመልከት።

የበግ እረኛው

ዳዊት ከጌታችን ልደት በፊት በ1000 ዓመት ገደማ በቤተ ልሔም ይኖር የነበረው የእሴይ ልጅ ነው። ከ8 ወንድሞች የመጨረሻው እርሱ ነበር። ነቢዩ ሳሙኤል ከእሴይ ልጆች አንዱን ለንጉሥነት ሊቀባ በመጣ ጊዜ ሰባቱ በተራ ሲቀርቡ ዳዊትን ያስታወሰው አልነበረም፤ በጎች ሲጠብቅ በሜዳ ቀርቶ ነበር። ከመንጋው በግ ሊነጥቅ ከመጣ አንበሳና ድብ ጋር የታገለውም በዚያው በሜዳ ነው። በእኛ መዝሙረ ዳዊት ከ150ዎቹ ቀጥሎ የሚገኘው 151ኛው መዝሙር፣ ይህ ብላቴና የሚዘምርበትን ዕቃ በገዛ እጁ እንደሠራ ይናገራል። እንግዲህ ዳዊት በገናን የተማረው በቤተ መንግሥት ድግስ ላይ አይደለም። አራዊት በሚያደቡበት በረሃ፣ ብቻውን ሆኖ ነው።

በሳኦል ቤት

ንጉሥ ሳኦል የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ስለ ተላለፈ የእግዚአብሔር መንፈስ ራቀው፤ ክፉ መንፈስም ያስጨንቀው ጀመር። ያን ጊዜ አገልጋዮቹ በገና የሚደረድር ሰው እንፈልግልህ አሉት። ዳዊት ተጠራ። በደረደረም ጊዜ ሳኦል ያርፍ፣ ደኅናም ይሆን፣ ክፉውም መንፈስ ይርቅለት ነበር (1ኛ ሳሙ. 16፥14-23)።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዳዊት የገባው የሌላ ሰው ጨለማ ውስጥ ነው። የሳኦልን ጭንቀት በቅርብ አይቷል፣ ጩኸቱን ሰምቷል፤ ጭንቀቱ ግን አልተጋባበትም። ታዲያ በገናው ሁልጊዜ ይሠራ ነበር? አይደለም! አንድ ቀን ዳዊት እንደ ወትሮው እየደረደረ ሳለ ሳኦል ጦር ወረወረበት። ዳዊት ዘወር ብሎ አመለጠ። ይህም ከአንድ ጊዜ በላይ ሆነ። አያችሁ? በገና አስማት አይደለም። የሰሚው ልብ ቅናትን ከመረጠ የቅዱስ ዳዊት ጣቶች እንኳ አላለሰለሱትም።

ጦሩ የት ደረሰ?

ዳዊት ተሰደደ። በዓዶላም ዋሻ የተጨነቁ፣ ዕዳ ያለባቸው፣ የተመረሩ 400 ያህል ሰዎች ተሰበሰቡለት፤ ኋላም 600 ሆኑ። ሳኦል ደግሞ የተመረጡ 3000 ሰዎችን ይዞ አሳደደው። ከዕለታት በአንዱ ሌሊት በዚፍ ምድረ በዳ ዳዊት ከአቢሳ ጋር ወደ ሳኦል ሰፈር ገባ። ንጉሡ ተኝቷል፤ ጦሩ በራስጌው በምድር ተተክሏል። አቢሳ አንድ ጊዜ ብቻ ልውጋው አለ። ዳዊት ግን በእግዚአብሔር በተቀባው ላይ እጄን አላነሣም ብሎ ከለከለው። ጦሩንና የውኃውን ዕቃ ይዞ ወጣ። ከዚያስ ምን አደረገ መሰላችሁ? አንድ ሰው መጥቶ ጦሩን እንዲወስድ ለሳኦል መለሰለት (1ኛ ሳሙ. 26)። በጦር የተሳደደው ሰው ጦሩ እጁ ሲገባ አልወረወረውም፤ ለባለቤቱ መለሰው እንጂ!

የነፍስ ነጻነት ማለት ይህ ነው። ብዙዎቻችን የበደለን ሰው አጠገባችን ባይኖርም የወረወረብንን ጦር በልባችን ይዘን እንዞራለን። ዳዊት ግን በስደቱ ዘመን ምሬቱን ሁሉ ለእግዚአብሔር ስለ ነገረ፣ ለሳኦል የሚያስቀምጠው ቂም አልነበረውም።

ሳኦልና ልጁ ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ በሞቱ ጊዜ ደስ ይለዋል ብለው ያሰቡ ነበሩ። እርሱ ግን ልብሱን ቀደደ፣ እስከ ማታም ጾመ። የልቅሶ ቅኔም ተቀኘላቸው፤ የይሁዳ ልጆችም እንዲማሩት አዘዘ (2ኛ ሳሙ. 1)። በዚያ ልቅሶ ውስጥ ስለ ጦሩም፣ ስለ ስደቱም አንዲት ቃል አታገኙም።

የራሱ ጨለማ

ዳዊት 30 ዓመት ሲሆነው ነገሠ፤ 40 ዓመትም ገዛ፤ በኬብሮን 7 ዓመት ከ6 ወር፣ በኢየሩሳሌም 33 ዓመት። ታቦተ ጽዮን ወደ ኢየሩሳሌም ስትገባ በፊቷ በሙሉ ኃይሉ ዘለለ። ሚስቱ ሜልኮል ናቀችው፤ እርሱ ግን አላፈረም።

ሆኖም ከሳኦል ጨለማ ያመለጠው ሰው በገዛ ራሱ ጨለማ ወደቀ። የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን ወሰደ፤ ያንንም ለመሸፈን ኦርዮን በጦር ሜዳ አስገደለ። የማይመለስ ደም ነው። ነቢዩ ናታን መጥቶ በምሳሌ ገሠጸው። ዳዊት ምክንያት አልደረደረም፤ ወዲያው በደሌ ነው ብሎ አመነ። ከዚህ የተገኘው መዝሙር ዛሬ በየጸሎታችን የምንደግመው 50ኛው ነው። ልብ በሉ፤ ይህ መዝሙር ለመዘምራን አለቃ ተሰጥቷል። ንጉሡ ነውሩን በጓዳ አልደበቀውም፤ ሕዝብ እንዲዘምረው ሰጠው። የተደበቀ ኃጢአት ጌታ ይሆንብናል፤ በንስሐ የወጣ ኃጢአት ግን ሥልጣኑን ያጣል።

ልጁ በታመመ ጊዜም ዳዊት በምድር ላይ ተኝቶ ጾመ፣ አለቀሰ። በ7ኛው ቀን ሕፃኑ ሞተ። አገልጋዮቹ መርዶውን ለመንገር ፈሩ። እርሱ ግን ተነሥቶ ታጠበ፣ ልብሱን ለወጠ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፣ ከዚያም በላ (2ኛ ሳሙ. 12)። ሐዘኑ ስላልጠለቀ አይደለም። ወደ ሐዘን መግባትን እንዳወቀ ሁሉ መነሣትንም ስላወቀ ነው።

በኋላም የገዛ ልጁ አቤሴሎም ዐመፀበት። ያ ሽማግሌ ንጉሥ ራሱን ተከናንቦ፣ ባዶ እግሩን፣ እያለቀሰ ደብረ ዘይትን ወጣ። ሳሚ የሚባል ሰው እየረገመ ድንጋይ ሲወረውርበት፣ አንገቱን ልቍረጠው ያለውን አቢሳን አሁንም ከለከለው። በመዝሙሩ ርእስ እንደ ተጻፈው 3ኛው መዝሙር የዚያ ሽሽት መዝሙር ነው።

ለእኛስ?

ወገኖቼ፣ በዚህ ጾም ሐዘን ያለበት ብዙ ነው። የሞተበት አለ፣ የተሰደደበት አለ፣ ማንም የማያውቀው በደል የሚያቃጥለው አለ። አንዳንዱ ሐዘኑን በሳቅ ይሸፍናል። ሌላው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በጆሮው የሐዘን ዘፈን ሰክቶ፣ ራሱን እያባበለ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ዳዊት ሁለቱንም አላደረገም። ጨለማውን በስሙ ጠራው፤ የነገረው ግን ለራሱ ለጨለማው አልነበረም፣ ለእግዚአብሔር ነው እንጂ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

መዝሙሩ ሁሉ በደስታ ይጨርሳል ብላችሁ አትጠብቁ። የቆሬ ልጆች መዝሙር የተባለው 87ኛው እስከ መጨረሻው መስመር ከሐዘን አይወጣም። ቤተ ክርስቲያን ግን አልቀነሰችውም። ስለዚህ ሐዘናችሁ በአንድ ምሽት ባይለቅ ጸሎታችሁ ከንቱ ሆነ አትበሉ። ጌታችንም በመስቀል ላይ ሳለ የጮኸው በ21ኛው መዝሙር መነሻ ነው። ያ መዝሙር በመተው ስሜት ይጀምርና በምስጋና ይፈጽማል። መካከሉን ግን ማለፍ ግድ ነው።

እንግዲህ ዳዊታችሁን ክፈቱ። ለየዕለቱ የተመደበውን ድገሙ፤ በዓይን ብቻ ሳይሆን ጆሯችሁ እንዲሰማው ድምፅ አውጡ። የበገና መዝሙር ስትሰሙ 10ሩ አውታር የ10ሩ ትእዛዛት ምሳሌ መሆናቸውን አባቶች ያስተምራሉና፣ ማልቀስ ብቻ ሳይሆን የትኛውን እንዳፈረሳችሁ ጠይቁ። በደላችሁን ወደ ንስሐ አባታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ደግሞም ሳኦልን ያሳረፈው ብቻውን መተዉ እንዳልነበረ አትርሱ፤ ሰው መጥቶለት ነው። ጭንቀት የጸናበት ጎረቤት ካላችሁ ሂዱና አጠገቡ ተቀመጡ፤ ጸልዩለት፣ ሐኪም ካስፈለገውም አብራችሁት ሂዱ። ምናልባት ጦር ይወረውርባችሁ ይሆናል። እናንተ ግን መልሳችሁ አትወርውሩ።

የልበ አምላክ የቅዱስ ዳዊት ረድኤት በረከት በሁላችን ላይ ይደር። ጾሙን የንስሐና የበረከት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።