ፍሬድሪክ ላንቸስተርና የሞተር ንዝረት

ሞተሩ ተነሥቶ ገና ጉዞ ባልጀመረ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣችሁ ታውቁ ይሆናል። መስኮቱ ይንቀጫቀጫል፤ ወንበሩ ይርገበገባል፤ እጃችሁን በብረቱ ላይ ብታሳርፉ ንዝረቱ እስከ ክርናችሁ ይዘልቃል። ይህ መንቀጥቀጥ ከየት እንደሚመጣ ጠይቃችሁ ባታውቁ አይፈረድባችሁም፤ የመጀመሪያዎቹን አውቶሞቢሎች ከሠሩት ሰዎች መካከልም ብዙዎቹ ነገሩን የማይቀር ዕዳ አድርገው ተቀብለውት ነበርና። አልቀበልም ካሉት ጥቂቶች አንዱ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ዊልያም ላንቸስተር ነው።

ላንቸስተር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 1868 በለንደን ከተማ፣ ሉዊሻም በተባለው ሰፈር ተወለደ። ከዚህ በኋላ የምታነቧቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አባቱ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ሲሆን እናቱ የላቲንና የሒሳብ መምህርት ነበረች። ከስምንት ልጆች አራተኛው ነው። ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በለንደን ኬንሲንግተን ወደሚገኘው የሳይንስ ትምህርት ቤት ቢገባም ዲፕሎማ ሳይቀበል ወጣ።

በ1889 በበርሚንግሃም ከተማ የጋዝ ሞተር በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ በረዳት ሥራ አስኪያጅነት ለመቀጠር ሄደ። ደመወዙ በሳምንት አንድ ፓውንድ ነበር። እንዲፈርም በቀረበለት ውል ውስጥ፣ ሠራተኛው የሚያስገኘው ማሻሻያ ሁሉ የፋብሪካው ንብረት እንዲሆን የሚያዝ አንቀጽ ነበረበት። ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው ወጣት ያን አንቀጽ ሰርዞ ፈረመ። ድፍረቱም በከንቱ አልቀረም፤ ብዙ ሳይቆይ የፈጠረውን የሞተር ማስነሻ መብት ለሌላ ፋብሪካ በደህና ገንዘብ ሸጠ። ይህም ገንዘብ የራሱን አውቶሞቢል ለመሥራት አበቃው።

እንግዲህ ንዝረቱ ከየት እንደሚመጣ አብረን እንመልከት። በሞተር ሲሊንደር ውስጥ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል። ይህን ምልልስ ወደ ዙረት የሚለውጠው ክራንክ ሻፍት ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኘውን ዘንግ የጋራዥ ሠራተኞች ቢዬላ ይሉታል። ፒስተኑ ከላይኛው ጫፍ ሲደርስ ይቆምና ወዲያው ወደ ታች ይወረወራል፤ ከታችኛው ጫፍ ሲደርስም እንዲሁ ቆሞ ይመለሳል። ክራንክ ሻፍቱ በደቂቃ 3000 ጊዜ ቢዞር፣ ፒስተኑ በአንድ ሰከንድ 100 ጊዜ ይቆማል ማለት ነው። የሚሮጠውን ለማቆም፣ የቆመውንም ለማስሮጥ ኀይል እንደሚያስፈልግ በፊዚክስ ትምህርታችሁ ተምራችኋል። ፒስተኑ ግማሽ ኪሎ ግራም ቢመዝን፣ የምልልሱ ርዝመት 8 ሳንቲ ሜትር፣ የቢዬላውም ርዝመት 16 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በላይኛው ጫፍ ላይ የሚያስፈልገው ኀይል የ250 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ይሆናል። ግማሽ ኪሎ ለምትመዝን ብረት ይህን ያህል! የሞተሩ ፍጥነት በእጥፍ ቢያድግ ደግሞ ኀይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ቢዬላው ፒስተኑን ወደ ታች ሲስብ ፒስተኑም ሞተሩን በዚያው መጠን ወደ ላይ ይስባል። እጃችሁ የሚሰማው ይህ ስበት ነው።

ላንቸስተር በ1895 የሠራትና በ1896 በመንገድ ላይ የሞከራት የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አንድ ፒስተን ብቻ ነበራት። ለዚህ አንድ ፒስተን ግን ሁለት ክራንክ ሻፍቶች አበጀለት፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሲዞር ሌላው ወደ ግራ ይዞራል። በሁለቱም ላይ የተገጠሙት ክብደቶች ወደ ጎን ሲስቡ እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ፤ ከፒስተኑ ትይዩ ሲስቡ ግን ተባብረው የፒስተኑን ስበት ይቋቋማሉ። ሞተሩ ጉልበቱ አነስተኛ ሆኖ ስለተገኘ በ1897 በባለ ሁለት ሲሊንደር ተተካ፤ ሐሳቡ ግን አልተለወጠም።

ከዚያ በኋላ አራት ሲሊንደር ያላቸው ሞተሮች ተስፋፉ። በእነዚህ ሁለት ፒስተኖች ሲወጡ ሁለቱ ስለሚወርዱ ኀይሎቹ ተጣፍተው ሞተሩ ጸጥ ሊል ይገባዋል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ነገሩ ከፊል እውነትነት አለው። ዳሩ ግን ቢዬላው ክራንክ ሻፍቱን ተከትሎ ወዲያና ወዲህ ያጋድላል፤ በማጋደሉም ምክንያት ክራንክ ሻፍቱ ከላይ ተነሥቶ ሩብ ዙር ሲዞር ፒስተኑ የመንገዱን እኩሌታ አልፎ ይገኛል። ስለዚህ ፒስተኑ የላይኛውን እኩሌታ ከታችኛው ይልቅ በጥድፊያ ይጓዛል። ቀደም ሲል በሰጠነው ምሳሌ የላይኛው ጫፍ ስበት 250 ኪሎ ግራም ሲሆን የታችኛው 150 ያህል ብቻ ነው። ሁለቱ ፒስተኖች 500 ወደ ላይ፣ ሁለቱ 300 ወደ ታች ሲስቡ የ200 ኪሎ ግራም ያህል ስበት ሳይጣፋ ይቀራል፤ ይህም ትራፊ ኀይል ክራንክ ሻፍቱ አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር ሁለት ጊዜ ይመላለሳል።

ላንቸስተር ሞተሩን በላስቲክ ላይ በማስቀመጥ ብቻ ነገሩን ሊሸፍነው አልፈለገም። ከክራንክ ሻፍቱ ግርጌ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች አኖረ፤ በእያንዳንዱም ላይ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ክብደት አደረገበት። ዘንጎቹ ከክራንክ ሻፍቱ በእጥፍ ፍጥነት፣ እርስ በርሳቸውም በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራሉ። ትራፊው ኀይል ሞተሩን ወደ ላይ በሚስብበት ቅጽበት ክብደቶቹ ተባብረው ወደ ታች ይስቡታል። እንግዲህ ጸጥታ የተገኘው ሁለተኛ መንቀጥቀጥ በመጨመር ነው። በ1920ዎቹ ቮክስሆል የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ይህን መሣሪያ በአንዳንድ መኪናዎቹ ላይ ገጠመው።

ስድስት ሲሊንደር ያለው ሞተር ደግሞ ሌላ ሕመም ነበረበት። ክራንክ ሻፍቱ ረዥም በመሆኑ በእያንዳንዱ ፍንዳታ በጥቂቱ ይጠማዘዝና ተመልሶ ይፈታል። ዥዋዥዌ የሚጫወትን ልጅ በየምላሹ እየጠበቃችሁ ብትገፉት ከፍታው እንደሚጨምር፣ የፍንዳታውም ምት ከዘንጉ የራስ ምልልስ ጋር ሲገጥም ጥምዘዛው እየበረታ ሄዶ ብረቱን እስከ መስበር ይደርሳል። ላንቸስተር በ1910 ገደማ ለዚህም መድኃኒት አገኘ፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ በዘይት አማካይነት ብቻ የሚያያዝ ትንሽ መንኮራኩር አኖረ። ዘንጉ ሲርገበገብ መንኮራኩሩ እኩል ስለማይከተለው ዘይቱ ይፋተጋል፤ የጥምዘዛውም ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል።

በስሙ የተሰየመው ፋብሪካ በ1899 ተቋቁሞ ነበር። መኪናዎቹ ቢወደዱም በ1904 በገንዘብ እጦት ወደቀና እንደገና ተደራጀ። ላንቸስተርም ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ኀላፊነቱን ለወንድሙ ለጆርጅ ትቶ ለዳይምለር አማካሪ ሆነ። በመካከሉ ስለ አውሮፕላን ክንፍ ይመራመር ነበር፤ በ1907 እና በ1908 ያሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት ክንፍ አየርን እንዴት እንደሚጠቀም ያስረዱ ቀደምት ሥራዎች ናቸው። ይህ ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ከሽያጭ ይልቅ ለሒሳቡ ያደላ ነበርና ሀብት አላከማቸም። በስተርጅናው እጁ በበሽታ ይንቀጠቀጥ፣ ዐይኑም ይደክም ጀመር፤ በቤቱ ለመኖር እንኳ የበጎ አድራጊዎችን ርዳታ እስከ መፈለግ ደረሰ። በ1945 የእንግሊዝ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር በጄምስ ዋት ስም የሚሰጠውን ሜዳልያ ሸለመው። ማርች 8 ቀን 1946 በበርሚንግሃም ዐረፈ።

ከሞተ 29 ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ ሚትሱቢሺ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ የላንቸስተርን ሁለት ዘንጎች አንዱን ከሌላው ከፍ አድርጎ በባለ አራት ሲሊንደር ሞተሩ ላይ ገጠማቸው። ሌሎች ፋብሪካዎችም ፈለጉት። የጀርመኑ ፖርሽ በ1980ዎቹ ለሸጠው 944 ለተባለው መኪና ፈቃዱን የገዛው ከሚትሱቢሺ ነበር።