ፓውል ኤርሊክ

ፓውል ኤርሊክ (ማርች 14 ቀን 1854 – ኦገስት 20 ቀን 1915 እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊ ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። ስሙ በይበልጥ የሚነሣው ለቂጥኝ ከተሠራው ሳልቫርሳን ከተባለው መድኃኒት ጋር ነው። ሆኖም ሰውነት ባዕዱን እየተዋጋ የራሱን ለምን እንደማይነካ አጥብቆ የጠየቀውም እርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

ኤርሊክ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ በምትገኘው፣ ያኔ ሽትሬለን በተባለችው ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማሪነቱ ጀምሮ በማቅለሚያ ኬሚካሎች ተማርኮ ነበር፤ በ1878 በላይፕሲክ ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍም ስለ እነርሱ ነው። በበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል ደምን በልዩ ልዩ ቀለም እየነከረ የነጭ የደም ሴሎችን ዓይነቶች ለየ። አንድ ቀለም አንዱን ሴል ይዞ ሌላውን እንደሚተው ማየቱ ለኋለኛው ሥራው መነሻ ሆነ። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት በ1888 ለማገገም ወደ ግብፅ ሄደ። ከተመለሰ በኋላ ከሮበርት ኮኽ ጋር ሠራ። ከፈረስ ደም የሚዘጋጀው የዲፍቴሪያ ሴረም ኃይሉ አንድ ወጥ ስላልነበረም የሚለካበትን መስፈርት አወጣ።

የጎን ሰንሰለት ንድፈ ሐሳብ

በ1897 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት ሴሎች በላያቸው ላይ «የጎን ሰንሰለት» አላቸው፤ መርዝም ቁልፍ ከመቆለፊያው ጋር እንደሚገጥም ከአንደኛው ጋር ይገጥማል። ሴሉ የተያዘበትን ለመተካት ከሚያስፈልገው በላይ ያመርታል፤ ትርፉ ወደ ደም ይለቀቃል። ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ይህ ትርፍ ነው። አንድ ሴል ብዙ ዓይነት ሰንሰለት አለው ብሎ መገመቱ ግን ስሕተት ነበር፤ እያንዳንዱ ቢ ሴል በመሠረቱ የሚይዘው አንድ ዓይነት መቀበያ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ቢ ሴል ከመታወቁ ከ60 ዓመታት በፊት መቀበያውንና ፀረ እንግዳ አካሉን አንድ ነገር ማድረጉ የሚያስደንቅ ነው።

ባዕድና የራስ

በ1900 ገደማ ኤርሊክና ረዳቱ ዩልየስ ሞርገንሮት ፍየሎችን በሌሎች ፍየሎች ደም ወጉ። ፍየሎቹ የሌሎቹን ቀይ የደም ሴሎች የሚያፈርስ ፀረ እንግዳ አካል ሠሩ፤ የራሳቸውን የሚያፈርስ ግን አልተገኘም። ኤርሊክ ይህን ራስን ከመመረዝ መሸሽ በላቲን «ሆሮር አውቶቶክሲከስ» ብሎ ሰየመው። ሐሳቡ፣ ጉዳቱን የሚከለክል አንድ መቆጣጠሪያ መኖር አለበት የሚል ነበር። ብዙዎች ግን ሰውነት ራሱን ሊያጠቃ ጨርሶ አይችልም ማለት አድርገው ወሰዱት። በ1904 ዶናትና ላንድሽታይነር በብርድ ጊዜ የራሱን ደም የሚያፈርስ ፀረ እንግዳ አካል በሕሙማን ውስጥ ቢያሳዩም፣ አመለካከቱ ለአሥርታት ቆየ።

መቆጣጠሪያው ምን እንደሆነ መታወቅ የጀመረው ዘግይቶ ነው። በ1957 አውስትራሊያዊው ማክፋርሌን በርኔት ባዕድ አንቲጅን የሚገጥመውን ሴል መርጦ እንደሚያባዛ፣ የራስን የሚይዙት ደግሞ ቀድመው እንደሚወገዱ ሐሳብ አቀረበ። በኋላ እንደታየው በመቅኒ ውስጥ የራስን አካል አጥብቆ የሚይዝ ቢ ሴል መቀበያውን ይለውጣል፣ ይሞታል ወይም ይደነዝዛል። ከዚህ ማጣሪያ የሚያመልጡት እንደ ሉፐስ ባሉ በሽታዎች ውስጥ ድርሻ አላቸው።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1908 ከኢልያ ሜችኒኮቭ ጋር የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተካፈለ። በ1909 ጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ በላቦራቶሪው ውስጥ 606ኛው ውሕድ ቂጥኝን እንደሚያድን አሳየ፤ ይህም ሳልቫርሳን ሆነ። ኤርሊክ በባድ ሆምቡርግ ሞቶ በፍራንክፈርት የአይሁድ መቃብር ተቀበረ። ናዚዎች አይሁዳዊ በመሆኑ ስሙን ከመንገድ ላይ አንሥተው ነበር። ዛሬ የጀርመን ክትባቶችንና ሴረሞችን የሚፈትሸው በላንገን ያለው የመንግሥት ተቋም በስሙ ይጠራል።