ከባሕር በታች የኖረው ሰው
የዣክ ኢቭ ኩስቶ የሕይወት ታሪክ



ቀይ ባሕርን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከአውሮፕላን መስኮት ነው። ብዙ ወገኖቻችን ደግሞ በሌሊት በጀልባ ተሻግረውታል፤ ሳይሻገሩት የቀሩም አሉ። ውስጡ ገብቶ ያየው ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሦስት ሆነን ከሪያድ ወደ ጅዳ ወርደን ነበር። ከመካከላችን አንዱ የመጥለቅ ትምህርት የተከታተለ ስለ ነበረ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ጠለቀ። ማምሻውን በመኪና ተነሥተን የጣይፍን ተራራ ስንወጣ ትከሻውንና ክርኑን ያመው ጀመር። የአየር ሲሊንደር ሲሸከም የተቀጨ መስሎን በቅባት አሸነው። የሕክምና ተማሪ ነኝና ላውቀው ይገባኝ ነበር፤ አላወቅሁትም። ሐኪም ዘንድ ከደረሰ በኋላ ኦክስጅን ተሰጥቶት፣ በግፊት ክፍል ውስጥ ታክሞ ዳነ። እኔም ከዚያ ወዲህ ስለ ባሕር ጠላቂዎች ማንበብ ጀመርሁ። ከሁሉ ይልቅ የሳበኝ የፈረንሳዊው የዣክ ኢቭ ኩስቶ ሕይወት ስለ ሆነ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ኩስቶ የተወለደው በ1910 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሳን አንድሬ ደ ኩብዛክ በተባለች ከተማ ነው። በልጅነቱ ጤናው ደካማ ነበር። በ1930 የባሕር ኃይል መኮንኖች ትምህርት ቤት ገባ፤ ሐሳቡ ግን የባሕር ኃይል አብራሪ መሆን ነበር። በ1936 የደረሰበት የመኪና አደጋ ክንዶቹን ክፉኛ ስለ ጎዳው የአብራሪነቱ ሕልም በዚያው ቀረ። ክንዶቹን ለማጠንከር በቱሎን ወደብ አጠገብ መዋኘት ያዘ። ፊሊፕ ታይዬ የተባለው የሥራ ጓደኛው የውሃ መነጽር አውሶት አንገቱን ወደ ውሃው ዝቅ ቢያደርግ እስከዚያ ቀን ያላሰበውን ዓለም አየ። ቀሪ ሕይወቱ በዚያች ቅጽበት ተወሰነ ለማለት ይቻላል።

በዚያ ዘመን ጠላቂ የሚባለው ከባድ የመዳብ ቆብ ደፍቶ፣ ከመርከብ በቱቦ አየር እየተላከለት በባሕር ወለል ላይ የሚራመድ ሠራተኛ ነበር። ኩስቶ ግን እንደ ዓሣ ነጻ ሆኖ መዋኘት ፈለገ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ በጀርመን ተይዛ ቤንዚን በጠፋበት ወቅት፣ ኤሚል ጋኛን የተባለ መሐንዲስ መኪናዎች በጋዝ እንዲሠሩ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበር። ሁለቱ ተገናኝተው ይህንኑ መሣሪያ ለጠላቂ እንዲስማማ አደረጉት። በ1943 ተሞከረና ሠራ። የመሣሪያው ብልሃት ቀላል ነው፤ ይኸውም ጠላቂው አየር ሲስብ ብቻ ይከፈታል፤ የሚሰጠውም አየር ግፊቱ ከአካባቢው ውሃ ግፊት ጋር እኩል ነው። በዚህም የተነሣ ሳንባ በውሃው ክብደት ሳይጨቆን ይተነፍሳል።

ይሁን እንጂ ብልሃቱ ከነአደጋው የመጣ ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት በባሕር ጠርዝ ካለው እጥፍ ነው። ከዚያ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው በሳንባው ውስጥ ያለው አየር እየሰፋ ሳንባውን ሊቀድደው ይችላል። ናይትሮጅንም በግፊት ኃይል በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ሲከፋም ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። በጥልቅ ውሃ ውስጥ ደግሞ ይኸው ናይትሮጅን እንደ መጠጥ አእምሮን ያሰክራል። በ1947 የኩስቶ የሥራ ባልደረባ ሞሪስ ፋርግ ወደ 120 ሜትር ጥልቀት ወርዶ በዚሁ ምክንያት ሞተ። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናነበው ደንብ በእንዲህ ያለ ዋጋ የተገዛ ነው።

በ1950 ሎኤል ጊነስ የተባለ እንግሊዛዊ ባለጠጋ፣ በጦርነቱ ጊዜ ፈንጂ ትጠርግ የነበረችውን ካሊፕሶ የተባለች የእንጨት መርከብ ገዝቶ በዓመት በአንድ ፍራንክ ኪራይ ሰጠው። የካሊፕሶ የመጀመሪያው ትልቅ የምርምር ጉዞ ወደ እኛው አካባቢ ነበር። በ1951 መጨረሻ ከቱሎን ተነሥታ፣ ከጅዳ በስተደቡብ በሳዑዲ ጠረፍ ወደሚገኘው የፋራሳን የኮራል ባሕር መጣች። ከተሳፈሩት ሊቃውንት አንዱ ሃሩን ታዚዬፍ ነበር፤ ይህ ሰው በኋላ ጊዜ በአፋር ምድር የኤርታ ዓሌን እሳተ ገሞራ ያጠና ነው። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም የጥቃቅን እንስሳት ሥራ ነው፤ በየትውልዱ እየገነቡ ለሺህ ዓይነት ዓሣ ቤት ይሠራሉ።

የኩስቶን ሕይወት ስናነብ ግን ጥሩ ጥሩውን ብቻ መልቀም አይገባም። በ1954 ካሊፕሶን ይዞ በአቡዳቢ ጠረፍ ለነዳጅ ኩባንያ የባሕር ወለል አጥንቷል፤ የጉዞው ገንዘብ የተገኘው ከዚህ ነበር። በ1956 በካን ታላቁን ሽልማት ባገኘው ፊልሙ ውስጥ፣ ሰዎቹ ዓሣ ለመቁጠር ብለው የኮራሉን ጥልቀት የሌለው ውሃ በድማሚት ሲያፈነዱ፣ ሻርኮችንም በንዴት ሲቀጠቅጡ ይታያል። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አልተቃወመም። ኋላ ግን እርሱ ራሱ መንገዱን ለወጠ። በ1960 የኒውክሌር ዝቃጭ በሜዲትራንያን ባሕር እንዳይጣል ተከራከረ፤ በ1973 ለባሕር ጥበቃ የቆመ ማኅበር አቋቋመ። ትልቅነቱ ያለ ጥፋት በመኖሩ ሳይሆን ያጠፋውን ለመካስ በመነሣቱ ይመስለኛል።

በ1963 ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ ሻዓብ ሩሚ በተባለው የኮራል ረድፍ ላይ፣ በ10 ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ ቤት አሠራ። አምስት ሰዎች በዚያ አንድ ወር ያህል ኖሩ፤ ሁለት ደግሞ ከዚያ ጠለቅ ባለ ጎጆ አንድ ሳምንት ቆዩ። ለሕክምና የሚጠቅመው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሥጋችን ሊይዝ የሚችለውን ያህል ናይትሮጅን አንድ ጊዜ ከጠጣ በኋላ ቆይታው ቢረዝምም የመውጫው ጊዜ አይጨምርም። የዚያ መንደር ቅሪት ዛሬም በስፍራው ይታያል።

የመጨረሻ ዓመታቱ በኀዘን የተሞሉ ነበሩ። ልጁ ፊሊፕ በ1979 ሊዝበን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በካሊፕሶ ላይ ከማንም ይልቅ ብዙ ጊዜ የኖረችው ባለቤቱ ሲሞን በ1990 ዐረፈች። በ1996 መጀመሪያ ካሊፕሶ ራሷ በሲንጋፖር ወደብ ተገጭታ ሰጠመች። ኩስቶም በጁን 25 ቀን 1997 በ87 ዓመቱ ፓሪስ ውስጥ ሞተ።

ውድ አንባቢያን፤ ሀገራችን ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ነገሩ ምን ይመለከተናል የሚል ይኖራል። እኛ ግን በባሕሩ አጠገብ እንማራለን፤ ወጣቶቻችንም ወደ ጅዳ እየወረዱ ይጠልቃሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆይ በአውሮፕላን አይሳፈር። ጣይፍም 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ስለ ሆነች የመኪናውን መንገድ ቀላል አድርጎ አይመልከት። የሕክምና ተማሪዎች የሆንን ደግሞ፣ ትከሻዬን አመመኝ የሚል ወጣት ሲመጣ ቅባት ከማንሣታችን በፊት ትናንት የት እንደ ዋለ እንጠይቀው። እኔ ይህን የተማርሁት በጓደኛዬ ሕመም ነው፤ እናንተ ከወረቀት ብትማሩት ይሻላል።