ሃንድል፦ የኦሪት ዘጸአትን ታሪክ በመዘምራን አፍ ያስነገረው ሰው

ሐኑካ ሲደርስ በኤይን ሀትኽሌትም ሆነ በሌላው የእስራኤል ከተማ ሕፃናት ሀቫ ናሪማን ይዘምራሉ። ዜማው ግን የተደረሰው እዚህ አገር አይደለም። የደረሰው በ1685 እ.ኤ.አ. በጀርመኗ ሀለ ከተማ የተወለደው ጌዎርግ ፍሪድሪሽ ሃንድል ነው። መጀመሪያ ለኢያሱ ታሪክ ደረሰው፤ በኋላ የይሁዳ መቃቢ ድል ወደሚነገርበት ሥራው አስገባው።

የሃንድል አባት ሐኪም ነበሩ፤ ልጃቸው ሕግ እንዲማር ነበር ፍላጎታቸው። ልጁ ግን ልቡ ሙዚቃ ላይ ነበር። ጣሊያን ሄዶ ተማረ፤ ከዚያም ለንደን ገባና እዚያው ቀረ። በ1727 የእንግሊዝ ዜግነት አገኘ። ስሙ የገነነው በጣሊያንኛ ኦፔራ ነበር። ታዲያ ጊዜው ተለወጠ፤ ተመልካቹ እየሳሳ መጣ። በ1737 ደግሞ ቀኝ እጁ በሕመም አልታዘዝ አለው። ብዙዎች አበቃለት አሉ። እሱ ግን ጠበል እንደሚባለው ዓይነት ፍል ውሃ ሄዶ ታጥቦ ዳነ።

ከዚያ በኋላ ፊቱን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ አዞረ። በ1738 መኸር፣ በአንድ ወር ገደማ፣ እስራኤል በግብፅ የተባለውን ሥራ ጻፈ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ሆኖ ከኦሪትና ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ነው። ጓጉንቸሩ ሲዘል፣ ዝንቡ ሲርመሰመስ፣ በረዶው ሲወርድ፣ ጨለማው ሲከብድ ሁሉም በድምፅ ይሰማል።

ሥራው ለመዘምራን ከባድ ነው። በተለመደው አሠራር መዘምራን በአራት ድምፅ ይከፈላሉ። እዚህ ግን ብዙ ቦታ ላይ ሁለት ጓድ ሆነው በስምንት ድምፅ ይዘምራሉ። አንዱ የራሱን ዜማ ይዞ ሲሄድ ሌሎቹ ሰባቱ ወደራሳቸው ይጎትቱታል። ብቻውን የሚዘፍን ሰው የሚገባበት ቦታ ጥቂት ስለሆነ መዘምራኑ ብዙ አያርፉም። አባቶች ይህን በቀላሉ ይረዱታል፤ በቤተ እስራኤል ጸሎትም ቄሶች በሁለት ወገን ሆነው ይቀባበላሉና። ልዩነቱ ቄሶች ዜማውን በዓመታት በጆሮ ሲወርሱት፣ የሃንድል መዘምራን ከወረቀት ማንበባቸው ነው።

ሚያዝያ 4 ቀን 1739 ሥራው ለንደን ውስጥ ለሕዝብ ቀረበ። አልተወደደም። ሰዉ የለመደው ዝነኛ ዘፋኝ ብቻውን ቆሞ ሲዘፍን መስማት ነበር፤ ይሄ ግን ከዳር እስከ ዳር መዘምራን ሆነበት። የቅዱስ መጽሐፍ ቃል ቲያትር ቤት ውስጥ መዜሙም ያልተዋጠላቸው ነበሩ። ሃንድል ለሚቀጥለው ጊዜ ከሥራው ቆረጠ፤ የነጠላ ዘፈንም ጨመረበት።

መዘምራንን ግን አልተወም። መሲሕ የተባለው ሥራው በ1742 በደብሊን ሲቀርብ፣ ከገቢው በዕዳ የታሰሩ 142 ሰዎች ተፈቱ ይባላል። ከዚያ የይሁዳ መቃቢና የኢያሱ ሥራዎች ተከተሉ። በ1751 የመስፍኑን የዮፍታሔን ታሪክ እየጻፈ ሳለ የግራ ዓይኑ ደከመ፤ ከዚያም ሁለቱም ጠፉ። እንዲያም ሆኖ ኦርጋን መጫወቱን አላቆመም። ሚስትም ልጅም ሳይኖረው በሚያዝያ 1759 አረፈ፤ የተቀበረውም ነገሥታት በተቀበሩበት ዌስትሚንስተር አቢ ነው።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ሰኔ 29 ቀን 1888 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ውስጥ ወደ 4000 የሚጠጉ መዘምራን ያንኑ እስራኤል በግብፅ ሲዘምሩ፣ የቶማስ ኤዲሰን ወኪል በሰም በተሠራ ሲሊንደር ድምፃቸውን ቀዳ። መሣሪያው ከመዘምራኑ ርቆ ስለነበር ድምፁ እንደ ሩቅ ጎርፍ ነው የሚሰማው፤ ቃሉም አይለይም። ግን አለ። እስከዛሬ ከተረፉት የሙዚቃ ቅጂዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በ1739 ሰው የጠላው የመዘምራን ብዛት፣ ከ149 ዓመት በኋላ እንዲቀዳ የተመረጠው እሱ ሆነ።

የቤተ እስራኤል ቄሶችም ጸሎት በ1980ዎቹ እዚህ እስራኤል ውስጥ በተመራማሪዎች ተቀድቷል። ሃንድል ቢሞትም ወረቀቱ ቀርቷል፤ የፈለገ አንሥቶ ይዘምረዋል። በጆሮ የሚወረስ ዜማ ግን ወረቀት የለውም። የሚያውቁት አባቶች በሕይወት እያሉ የሚቀዳውና የሚማረው ብቻ ነው ለልጅ ልጅ የሚተርፈው።