ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት፡ ገድላትን ለታሪክ ምስክር ያደረጉ ሊቅ

ብዙዎቻችን ገድለ ቅዱሳንን የምናውቀው በበዓላቸው ቀን ሲነበብ በመስማት ነው። ከንባቡ በኋላ መጽሐፉን ተሳልመን እንለያያለን፤ መጽሐፉም ወደ ዕቃ ቤት ይመለሳል። እነዚህ መጻሕፍት ለነፍስ ስንቅ ከመሆናቸውም በላይ ለሀገር ታሪክ ታላቅ ምንጭ መሆናቸውን በሥራቸው ካሳዩ ኢትዮጵያውያን መካከል አንዱ ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ናቸው።

ፕሮፌሰር ታደሰ በ1927 ዓ.ም. ተወለዱ። በአዲስ አበባ ከተማሩ በኋላ ወደ እንግሊዝ ሀገር ተሻግረው በለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ለዶክትሬት ጥናት ተቀመጡ። የመረጡት ርዕሰ ጉዳይ ከ1270 እስከ 1527 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የነበረውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት ነበር።

ከእርሳቸው በፊት እንደ ኮንቲ ሮሲኒና እንደ ባጅ ያሉ የአውሮፓ ሊቃውንት አንዳንድ ገድላትን አሳትመው ነበር። ታደሰ ግን በታተሙት ብቻ ሳይወሰኑ በየገዳማቱ የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት መረመሩ። በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ቅጠል ላይ የተጻፉትን የጉልት ማስታወሻዎች ሳይቀር ከገድላቱ ጋር አስተያዩ። የሐይቅ እስጢፋኖስን አበምኔቶች ታሪክ በቅደም ተከተል ለማቅናት የቻሉትም በዚህ መንገድ ነው።

የድካማቸውን ዋጋ አንድ ምሳሌ ይገልጠዋል። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የንጉሡን ጦርነትና ድል በሰፊው ይተርካል። ንጉሡን ስለ ጋብቻው የገሠጹ መነኮሳት መገረፋቸውንና መጋዛቸውን የምናገኘው ግን በእነ አባ በጸሎተ ሚካኤልና በእነ አባ ፊልጶስ ገድል ነው። የቤተ መንግሥቱ ጸሐፊ ያለፈውን የገዳሙ ጸሐፊ አቆየው። ገድላቱ ባይኖሩ ኖሮ የእነዚያ አባቶች ጥብዓት ከታሪክ መዝገብ በጠፋ ነበር።

ሊቁ የገድላትን ቃል ሳይመዝኑ አልተቀበሉም። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ገድል በደብረ ሊባኖስ፣ በሐይቅና በዋልድባ በተለያየ መልክ መጻፉ ይታወቃል፤ ብዙ ገድላትም ከቅዱሱ ዕረፍት ብዙ ዘመን በኋላ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ መቼ፣ በማንና ለምን እንደ ተጻፉ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ለአንዳንድ ምእመናን እንደ ድፍረት ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ምስክርን መመርመር ምስክርን መናቅ አይደለም፤ የሚናቀውስ ከቶ ያልተጠራ ምስክር ነው። ገድል የተጻፈው የቅዱሱን ተጋድሎ ለማስተማር ነው፤ ጸሐፊው በመንገዱ የጠቀሳቸው የሀገር፣ የሹማምንትና የገዳማት ስሞች ግን ለተመራማሪው መብራት ሆነዋል።

ጥናቱ በ1968 እ.ኤ.አ. ተፈጸመ፤ በ1972 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ በመጽሐፍ ታተመ። እስከ ዛሬም የመካከለኛውን ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ የሚያጠና ሁሉ ሳያነበው አያልፍም። ፕሮፌሰር ታደሰ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በዩኒቨርሲቲ ታሪክ አስተማሩ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምንም በዳይሬክተርነት መሩ። በ2005 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ አድገው በዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ ታሪክ የሚያጠኑ ልጆች አሉን። ግእዙን ከአብነት መምህራን፣ የምርምሩን ሥርዓት ከዩኒቨርሲቲው አስተባብረው ቢይዙ የእኒህ ሊቅ ወራሾች ይሆናሉ። የእኛም ድርሻ አለ። በእሳት የተቃጠለ ወይም በስርቆት ከዕቃ ቤት የወጣ ብራና ማንም ሊቅ አይመልሰውም። እንግዲህ የአጥቢያችንን መጻሕፍት ቆጥረን፣ መዝግበንና ጠብቀን ለሚመጣው ትውልድ እናቆይ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።